የጥድ አምባ ባዶ ቤት

የጥድ አምባን አዳራሽ ይፍረስ የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ምክንያታቸው «ባንዶች ለጣሊያን የማሉበት ቤት ነው፤ ቅርስ ተብሎ ሊጠበቅ አይገባውም» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አንድም ቀን በዚያ ቤት ደጃፍ ያልቆሙ፣ ታሪክን ከሻይ ቤት ወሬ የቃረሙ ሰዎች ናቸው። ንዴቴን ደብቄ በለሰለሰ ቃል እንድመልስላቸው የመከሩኝ ወዳጆች አሉ። አልደብቅም። መሐላው ሲፈጸም እዚያው ነበርሁ። እንዲያውም በቤቱ ቄስ በመምሬ አያሌው ላይ ከእነሱ ቀድሜ የፈረድሁት እኔ ነኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ነበርሁ። እነሱ ምን ምክንያት አላቸው?

ጥድ አምባ ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ ሲወርዱ ከመንገዱ ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። አዳራሹ ክብ ነው። ዛሬ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ በልጅነቴ ግን የሣር ክዳን ያለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ውስጡ ጧፍና እርጥብ ቄጠማ ይሸት ነበር። ከበሮ ሲመታ ድምፁን በጆሮዬ ሳይሆን በባዶ እግሬ ነበር የምሰማው፤ ወለሉ ከሥሬ ይርድ ነበር።

የደብሩ ቄስ መምሬ አያሌው ነበሩ። በመንደራችን ጫማ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅጥሩ በር አጠገብ አውልቀውት ይገባሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ማን ቀድሞ አቧራውን ያራግፍላቸው እያልን እንጋፋለን። ያራገፈው ልጅ ቀኑን ሙሉ ይኮራብናል። እንግዲህ ያን ያህል እንወዳቸው ነበር።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ ወንድሜ ይርጋ ከጎረምሶቹ ጋር ወደ ገደሉ ወርዶ ነበር። እናቴ ፈንታነሽ «ሊያርስ ሄዶ ነው» ትለኝ ነበር። ገደል ውስጥ፣ ያለ በሬ፣ በጠመንጃ ምን እንደሚታረስ እያሰብሁ ብዙ ጊዜ ተቸግሬአለሁ።

አንድ ቀን እናቴና ጎረቤታችን አሰለፈች ደጅ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው ነበርሁ።

«ወጣች?» አለች እናቴ፣ ዐይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ።

«ወጣች። ማለዳ።»

«በደኅና?»

«መምሬ ራሳቸው ናቸው ይዘዋት የወጡ። በገብስ ጭድ ሸፍነው።»

«እሰይ! ቤቱስ ታዲያ?»

«ቤቱማ እንግዲህ ቤት ነው።»

እኔ የገባኝ መምሬ አያሌው አንዲት ሴት በጭድ ሸፍነው መኮብለላቸው ነው። የመንደራችንን ልጃገረዶች በሙሉ አንድ በአንድ አሰብሁ፤ የጎደለች የለችም። እንግዲያውስ ከሌላ መንደር ናት ብዬ ደመደምሁ። አሰለፈች ይህን ነገር እያወራች መሳቋ፣ እናቴም እሰይ ማለቷ ገረመኝ።

የወጣችው ታቦቷ ነበረች። ዛሬ ይህን ለማንም የአገሬ ሰው ማስረዳት አያሻኝም ነበር፤ የአፍርሱት ባዮችን አፍ ከሰማሁ በኋላ ግን ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ታቦቱ ከወጣ ጭቃው ጭቃ፣ ሣሩም ሣር ነው። አካባቢውን የሚያዝዘው የጣሊያን ካፒቴን ይህን አያውቅም። ይህ ሕዝብ ጠመንጃ ባይፈራ ቤተ ክርስቲያኑን ይፈራል ብለው ነግረውት ነበርና፣ የጥድ አምባ ወንድ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ ለጣሊያን እንዲምል አዘዘ። እምቢ ያለችው ጎረቤት መንደር አመዷ ገና አልቀዘቀዘም። መምሬ አያሌውም ታቦቷን ወደ ዋሻ አወጡና ሰዉን ከጥዶቹ ሥር ሰብስበው «ነገ የምትገቡት ቤት ነው። የምትናገሩትም ወሬ ነው። ባይሆንልን ኃጢአቱ የኔ ነው» አሉ። ሰማ ሁሉም። አባቴ ሙላቴ ብቻ አልሰማም። ያን ሰሞን የቆሰለ እግሩን ሊነክር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ነበር።

አባቴ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ልናገር። በእኛ አካባቢ ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ምስክር ሲያጡ «ሙላቴ ምን አለ?» ይባባላሉ። ሙላቴ እንዲህ ብሏል ከተባለ ነገሩ አለቀ። ተበዳዩም በዳዩም ማረሻቸውን አንሥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

በመሐላው ዕለት አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ከየቤታችን እየነዱ አወጡን። ሴቶችንና ልጆችን ከደጅ በግራ በኩል አቆሙንና መስኮት በምታህል በር ወደ ውስጥ እናያለን። ካፒቴኑ ካህናቱ በሚያሸበሽቡበት ቦታ ላይ በታጣፊ ወንበር ተቀምጧል። እሱስ ይሁን፣ ባዕድ ነው። ያስደነገጡኝ የራሴ ሰዎች ናቸው። በሩን የሳመ የለም። ኩታቸውን እንደ ገበያ ቀን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል። አለሙ የሚባለው አፈ ጉልበተኛ ጎረምሳ ሽምብራ ይቆረጥማል፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ! መምሬ አያሌው ደግሞ ከመቅደሱ ደረጃ ላይ ቆመዋል። እግራቸውን አየሁ። ጫማቸውን አላወለቁም።

እንባዬ መጣ። ያን ጫማ ስንት ጊዜ አራግፌዋለሁ!

በዚያው ሰዓት አባቴ ከመንገድ መጣ። አስካሪዎች ከዳገቱ ላይ አግኝተውት ቤቱን ሳያይ በቀጥታ ነድተውት ነበር። በምርኩዝ እያነከሰ እስከ ቅጥሩ በር ደረሰ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አወለቀ፤ በዚያ በቆሰለ እግሩ። ኩታውን መስቀለኛ አጣፋ። በሩን ሳመ፤ ግንባሩን አስነክቶ ቆየ። ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል እንደ ክርስቲያን የገባ አባቴ ብቻ ነበር። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

እናቴ ወደ እሱ ልትሮጥ ስትል አስካሪው ጠመንጃውን አጋድሞ መለሳት። ሳለች። እጇን አወዛወዘች። እንደገና ሳለች። ነጠላ ጫማውን እንዲያጠልቅ፣ ቁስሉ እንዳይመርዝ የምትነግረው መሰለኝና «እማ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው!» አልኋት። እንደዚያ ቀን ያለ አስተያየት አይታኝ አታውቅም።

«የካፒቴኑ ቃል ነው!» ብሎ ጮኸ አስተርጓሚው። «ለሽፍታ እህል አልሰጥም! ቤቴ አላስጠጋም! ያየሁ እንደሆነ ደብረ ታቦር ሄጄ እናገራለሁ! ይህን ባፈርስ ማርያም ልጄን ትንሣኝ! በሉ!»

እጃቸውን በመቅደሱ በር ላይ እያደረጉ እየተከታተሉ ማሉ። እንደ ከብት ገበያ ደላላ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚሉት። አለሙ ሽምብራውን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ «ባፈርስ ልጄን ትንሣኝ!» ብሎ ከሁሉ አብልጦ ጮኸ። አለሙ ልጅ የለው፣ ሚስት የለው። ከኋላዬ አሰለፈች በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መሰለኝ።

የአባቴ ተራ ደረሰ። እጁን በሩ ላይ አደረገና ዞሮ ወደ ውጭ አየ። አስካሪዎች ችቦ ይዘው ከቤታችን ጣሪያ ሥር ቆመዋል። እኔን አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ እያነሣ አስቀመጠው። «ልጄን» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስለ እኔ በመናገሩ ደስ አለኝ።

አስተርጓሚው ሰዎቹን እያየ ሳለ ዐይኑ ከመምሬ ጫማ ላይ ወደቀ። የኛው አገር ክርስቲያን ነበር፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ጫማውን አየ፣ የአለሙን ጉንጭ አየ፣ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አንድ ነገር በጣሊያንኛ አለ። ካፒቴኑ ረክቶ ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳለው አላውቅም። ጥድ አምባ ግን አልተቃጠለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመንደሩ ልጅ ሁሉ «የኔ አባት ብቻ ነው ማርያምን ያከበረ፤ የናንተ አባቶች ሽምብራ በልተውባታል» እያልሁ አስለቅሳቸው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ነገሩ ተገልብጦ የገባኝ። ያን ቀን ጥድ አምባ ላይ ለጣሊያን የማለ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም አባቴ ነው።

ክረምት ገባ። ጉሙ ከበር ሳይርቅ በሚውልበት በአንዱ ቀን ይርጋ መጣ። ንዳድ ይዞት ጥርሱ ይንገጫገጫል። እናቴ ደግፋ ከጓዳ አስገባችው፤ የላም ቆዳ አነጠፈችለት። ለእኔ «ማንም እንዳይሰማ» አለችኝ፤ አራሽ ሲታመም ለምን እንደሚደበቅ አልጠየቅሁም። አባቴ ከብቶቹን አግብቶ ሲመለስ የሳል ድምፅ ሰማ። ወደ ጓዳ ገባ። ቆየ። ወጥቶ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ምግብ አቀረበችለት፤ አልነካውም።

«ምነው አይበሉም?» አለችው። እናቴ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው።

«ለምን አስገባሽው?»

«ልጅዎ አይደለም?»

«እኔ አይቼዋለሁ፣ ፈንታነሽ። አሁን አይቼዋለሁ።»

«ቢያዩትስ? ታቦቷ አልነበረችም እኮ! መምሬ አውጥተዋት ነበር። ባዶ ቤት ነው የማሉት። ስንቴ ልንገርዎ? አገር ሁሉ ያውቃል!»

«ነገርሽኝ። ሰማሁሽ። አገሩ አውቆ ነው የማለ። እኔ አለች ብዬ ነው የማልሁ። ጫማዬን ያወለቅሁት ለማን ነው? በሩን የሳምሁት ለማን ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። «በዚህች ራስ ነው የማልሁ። ባፈርስ ይህችን ትወስድብኛለች። ነገ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ።»

እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። «አንተ ሰው! ይርጋን የወለደው ማነው? እኔ ከጎረቤት ተበድሬ ነው ያመጣሁት? አንተ!» አንተ ስትለው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴም አልተቆጣም። ዝናቡን እያየ ተቀመጠ።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባቴ ደብረ ታቦር የሚሄደው ከትልልቆቹ ካህናት ዘንድ መምሬ አያሌውን ሊከስ ነው። ማርያም ቤት ጫማ አድርገው ገብተዋል፤ ሴት በጭድ አስኮብልለዋል። ዳኝነት ሊጠይቅ ነው። እናቴ የምትጮኸው መምሬን ስለምትወድ ነው። ገብስ ቆልቼ ለስንቁ በጨርቅ ቋጠርሁለት።

በማግስቱ ጧት አባቴ ምርኩዙን ይዞ ሲወጣ አለሙ ከመንገዱ ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«ጋሽ ሙላቴ፣ ይመለሱ።»

«ዞር በል።»

«ከዚህ ጥድ ካለፉ ቀብርዎ ላይ ነው የምንገናኝ።»

«ና ታዲያ። ቀባሪ አይከፋም» አለ አባቴና መራመዱን ቀጠለ። አለሙ ዱላውን አነሣ። ያ ሳቂታ ልጅ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር።

«አለሙ!»

መምሬ አያሌው ነበሩ። በጭቃ ተለውሰው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። እናቴ ልካባቸው ኖሯል። «ዱላህን አስቀምጥ። ሙላቴ፣ ከመሄድህ በፊት የማልህበት ቤት ግባ። ያን ቀን የነበረ ሁሉ ይግባ። ሴቶችም ግቡ።»

ገባን። ጥድ አምባ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር የተቀመጠችው ያን ቀን ነው። እርጥብ ኩታ፣ እርጥብ ሣር፣ የሰው ትንፋሽ ይሸታል። ሴቶች ካህናቱ በሚቆሙበት ተቀመጡ፤ ማንም አላስነሣቸውም። መምሬ ከመሬት ቁጭ አሉ። አባቴ ብቻ ቆመ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አለ። ድምፁ ያስፈራ ነበር። «ስትቆረጥሙ፣ ስትሣሣቁ ታውቁ ነበር። እኔን ብቻዬን ከማርያም ጋር ትታችሁኝ ወጣችሁ። አሁን ደግሞ ዱላ ይዛችሁ ትጠብቁኛላችሁ። እኔ ነኝ ባንዳ?»

«አይደለህም» አሉ መምሬ።

«እንግዲያው ፍቱኝ!»

«ልፈታህ አልችልም። አለች ብለህ ምለሃል። የለችም ብዬ ብነግርህ የልብህን መሐላ አላወጣውም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንድ ሰው ከመንገድ እንደሚመጣ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብሁም።» ከመሬት ተነሡ። «መሐላህን ለኔ ስጠኝ።»

«እንዴት ነው የምሰጥዎ?»

«የንስሐ አባትህ ነኝ። ሸክምህን መሸከም የኔ ነው። መሐላው ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፤ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ቅጣቱም ከልጅህ ራስ ይውረድና በኔ ይሁን። መሐላ ያፈረሰ ቄስ መቅደስ አይገባም። ከዛሬ ወዲያ አልገባም። አልቀድስም፤ ታቦት አልሸከምም። እስክሞት ድረስ።»

«መምሬ!» አለች አሰለፈች።

አባቴ ፊታቸውን አጥብቆ አየ። ማመን የፈለገ፣ ግን በቀላሉ የማያምን ሰው ነው። «ይህን የሚሉኝ በባዶ ቤት ነው» አለ። «ታቦቷ የለችም። ነገ ወሬ ነበር ቢሉኝስ?»

«ያንተ መሐላ ያለ ታቦት ከያዘህ የኔም ያለ ታቦት ይይዘኛል» አሉ መምሬ።

አባቴ ምርኩዙን ጥሎ ከጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

እኔስ? እኔ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። የገባኝ መንደሩ ተሰብስቦ መምሬ አያሌውን በጫማቸው ምክንያት ከቅስና ማውረዱ ነው። አባቴ ደብረ ታቦር ድረስ መድከም ሳያስፈልገው እዚሁ ፈረዱለት። ሲያለቅስ ሳይ ለሽማግሌው አዝኖላቸው ነው አልሁ፤ ደግነቱንም አደነቅሁ።

ከዚያ በቀጥታ ቤት ሄዶ ጓዳ ገባ። ይርጋን ቀና አድርጎ በእጁ አጎረሰው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ወንድሜ በቃኝ እስኪል። እናቴ ከበሩ ቆማ «እርስዎም ይቅመሱ እንጂ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አባቴ ጧት ጧት ከመኝታዬ ሳልነሣ መጥቶ ግንባሬን ይዳስሰኝ ነበር። ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ፍቅርም ነው። ግን መሐላው በእውነት ከራሴ መውረዱን እያረጋገጠ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። የመምሬን ቃል አምኗል፤ ሆኖም አባት ነው።

ወጣት ቄስ ከሌላ ደብር መጥቶ ዋሻው ውስጥ መቀደስ ጀመረ። መምሬ አያሌው ከዋሻው ደጅ ከምእመናን ጋር ቆመው ያስቀድሱ ነበር። በሥራ ቀን ግን በባዶው ቤት ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስተምራሉ። ካፒቴኑ ሲመጣ ትምህርት ቤት ነው ይሉታል፤ ካፒቴኑ ሲሄድ መንደሩ ገብቶ ለገደሉ ልጆች እህል ማን እንደሚያወጣ ይመክርበታል። እኔም እየጠላኋቸው ከፊታቸው ተቀምጬ ሀሁ ቆጠርሁ። እየጠላኋቸውም አስተማሩኝ። ይህን የምጽፍበት ፊደል ከዚያ ወለል ላይ የተነሣ ነው። አፍርሱት ባዮች ሆይ፣ የባንዳ ቤት የምትሉት ይህንን ነው። ግድግዳው ቢሰማችሁ ኖሮ ራሱ ይወድቅባችሁ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ጊዜ መንደሩ ከምንጩ አጠገብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠራ። የድሮው ቤት ለምክርና ለትምህርት ይቅር፣ ለምዶናል ተባለ። ታቦቷ ከዋሻ የምትመለስበት ቀን ከደብረ ታቦር ትልልቅ ካህናት መጡ፤ አካባቢው ሁሉ በእልልታ ተናወጠ። ይርጋ ጎፈሬውን አሳድጎ ጠመንጃውን ይዞ ከአባቴ ጎን ቆሟል።

የካህናቱ አለቃ መምሬን አስጠሩ። «ከጠላት ያዳኗት እርስዎ ነዎት» አሏቸው። «ተሸክመው የሚያስገቧትም እርስዎ ነዎት። ይምጡ።»

«አልችልም፣ አባቴ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ነገሩን ሰምተናል። ቃሉን የሰጡት ታቦት በሌለበት ባዶ ቤት ነው። መሐላ አይባልም። ይህን ከእኛ ይልቅ ያስተማሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት።» ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አለሙ «ይግቡልን!» ብሎ ጮኸ፤ ሴቶች እልል አሉ። አባቴ ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር።

መምሬ አያሌው ወደ አባቴ ዞረው አዩት። ከዚያ ለአለቃው እጅ ነሡ።

«ባዶ አልነበረም» አሉ። «ሙላቴ ነበረበት።»